የዘመቻና የዱር ስንቅ

ስንቅ ሰው ከቤቱ ርቆ ሲጓዝ፣ ሲዘምት ወይም ሸሽቶ ዱር ሲገባ ይዞት የሚሄደው ምግብ ነው። በሰፊው ሲወሰድ ምግቡን ብቻ ሳይሆን መያዣውን፣ ውሃውን፣ መድኃኒቱን፣ እሳት ማንደጃውንና ልብሱን ጭምር ያጠቃልላል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ለአንድ ቀን መንገድ የሚቋጠረውን ምሳ ሳይሆን የመመለሻው ቀን ሳይታወቅ ከቤት ሲወጣ የሚያዘውን ስንቅ ነው። ከኢትዮጵያ ታሪክ በዋናነት የሚጠቀሱት የዓድዋ ዘመቻና የ1928–1933 ዓ.ም. የአርበኝነት ዘመን ናቸው። ሁለቱም ከአዲስ አበባው አራዳ ጊዮርጊስ ጋር የተያያዙ ናቸው።

ቃሉ

በግዕዝ ሥንቅ ይባላል፤ ግሡ ሰነቀ ነው። «ተስፋ ሰንቆ ሄደ» የሚለው አነጋገር ከዚህ የመጣ ነው። በከተማ አማርኛ ለታሳሪ ቤተሰቡ የሚያመላልሰው ምግብም ስንቅ ይባላል። «ስንቅና ትጥቅ» ሲባል ግን ነገሩ የጦር ነው፤ የሚበላውና የሚያዋጋው ሁልጊዜ አብረው ይጠራሉ፣ ስንቅም ይቀድማል። የዘመቻ ዐዋጅ «ክተት» መባሉም ልብ ሊባል ይገባል። ከተተ ማለት የተበተነውን ሰብስቦ ወደ አንድ ማስገባት ነው፤ ዐዋጁ ሲታወጅ ሠራዊቱም ወደ ንጉሡ፣ በሶውም ወደ ስልቻው ይከተታል።

የዓድዋ ሒሳብ

ዳግማዊ ምኒልክ የክተት ዐዋጁን ያስነገሩት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ የተነሡት ጥቅምት 2 ቀን ሲሆን ጦርነቱ የተካሄደው የካቲት 23 ቀን ነው። በመካከሉ 141 ቀናት አሉ።

አንድ የሚራመድ ሰው በቀን ወደ 2,100 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል ተብሎ በዛሬው የእርዳታ ሥራ ይሰላል። ጭነት ተሸክሞ ዳገት ለሚወጣ ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። ዝቅተኛውን ብንይዝ እንኳ በበሶ ብቻ ለመሸፈን በቀን 600 ግራም ያህል ይጠይቃል። ለ141 ቀን 85 ኪሎ ይሆናል ማለት ነው፤ ይህንን ተሸክሞ ከሸዋ ትግራይ የሚደርስ ሰው የለም። ሠራዊቱ በብዙዎች ግምት ወደ 100,000 የሚጠጋ ስለነበር ጠቅላላው የዕለት ፍጆታ 600 ኩንታል ይደርሳል። ይህም በአህያና በበቅሎ ከሚጫነው፣ ከሚስትና ከአገልጋይ ምግብ፣ ከእንስሳቱ መኖ ውጪ ነው።

መንግሥቱ እንደ ዘመናዊ ጦር ለእያንዳንዱ ወታደር ቀለብ የሚያከፋፍል ክፍል አልነበረውም። ዘማቹ ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይወጣል፤ ሚስቱ ወይም ዘመዱ አብራ ትዘምታለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ውሃ ትቀዳለች። ሹሙም ከገባሩ ያስጭናል። ለዓድዋ ዘመቻ ግን በመንገዱ ላይ አስቀድሞ እህል እንዲከማች ተደርጎ ነበር። ይህ ዝግጅት ቀላል ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም አገሩ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከቆየው ክፉ ቀን ገና መውጣቱ ነበር። በዚያ ጊዜ የከብት እልቂት የእርሻ በሬውን ጨርሶ ነበር፤ ብዙ ሰውም በረሀብ አልቋል። የዓድዋ ዘማች ስንቅ የተፈጨው ከረሀብ በኋላ ከታረሰ መሬት ላይ ነው።

ዘመቻው ዐቢይ ጾም ላይ መውደቁም የስንቁን ዓይነት ይነካል። የ1888 ፋሲካ መጋቢት መጨረሻ ላይ ስለዋለ ጾሙ የገባው ከጦርነቱ ሦስት ሳምንት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ስለዚህ ቅቤ ያለበት ጭኮና ቋንጣ ለጾመኛ ዘማች አይሆኑትም፤ በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ተልባ የሥራው ዋና ይሆናሉ ማለት ነው።

በመቀሌ የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ የተከበበው የጣሊያን ጦር በጥር ወር ለቅቆ የወጣው ውሃው ስለተያዘበት ነው። ይህን ምንጭ በመያዝ ዘዴ የእቴጌ ጣይቱ ስም ይነሳል። በየካቲት ደግሞ ሁለቱም ወገን ስንቅ እያለቀበት ነበር። ጄኔራል ባራቲየሪ የቀረው ለጥቂት ቀናት የሚበቃ ብቻ ሲሆን ከሮም መንግሥትም ግፊት ነበረበት። የኢትዮጵያ ጦር የሰፈረበት አካባቢም እህሉ ተሟጥጦ ስለነበር በጦርነቱ ማለዳ ብዙ ወታደር ከሰፈሩ ርቆ ምግብ ፍለጋ ላይ ነበር። ባራቲየሪ ሌሊቱን ባይገሰግስ ኖሮ ምኒልክም እዚያው ብዙ ሊቆዩ አይችሉም ነበር የሚሉ የታሪክ ጸሐፊዎች አሉ። ዓድዋ የጀግንነት ታሪክ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም የቀኑን መቆረጥ ያፋጠነው የስልቻዎቹ መጉደል ነው።

የየካቲት 23 ድል በጊዮርጊስ ዕለት ስለዋለ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ታቦትም አብሮ ዘምቷል ስለሚባል፣ በአራዳ የቆመው ባለ ስምንት ማዕዘኑ ካቴድራል የድሉ መታሰቢያ ሆኗል። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ የደፉት በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ነው። በካቴድራሉ ዙሪያ ይቆም የነበረው የአራዳ ገበያ ከጣሊያን ወረራ በፊት የከተማው ትልቁ ገበያ ነበር፤ ጨው፣ በርበሬ፣ ገብስ፣ ማር፣ የጭነት እንስሳና ቆዳ ሁሉ ይገኝበት ነበር።

ምግቡ

ለረጅም መንገድ የሚሆን ምግብ አራት ነገር ይጠየቃል፤ እንዳይበላሽ፣ እንዳይከብድ፣ እንዳይሰለች፣ እሳት ሳይነድ እንዲበላ። አራቱን በአንድ ላይ የሚያሟላ ጥቂት ነው። የደጋው ሰው መልስ በሶ ነው።

በሶ ከገብስ ይሠራል። ገብሱ ተፈትጎ ገለባው ይወጣል፣ ይቆላል፣ ከዚያ ይፈጫል። የተቆላ በመሆኑ ዱቄቱ ቀድሞውኑ የበሰለ ነው፤ እርጥበቱም ስለወጣ በደረቅ ቦታ ወራት ይቆያል። በውሃና በጨው ታሽቶ ሲጨበጥ የበሶ ጭብጦ፣ በቀጭኑ ተበጥብጦ ሲጠጣ በሶ ብጥብጥ ይሆናል። ምጣድም ምድጃም አይሻም። ሸሽቶ ለሚኖር ሰው የዚህ ጥቅም ከጣዕም ይበልጣል፤ ቀን ጭስ፣ ማታ ነበልባል ያለበትን ያሳብቃልና። ዛሬም ለዩኒቨርሲቲ የተመደበ ተማሪ በሻንጣው ጥግ በሶ ይዞ መሄዱ የዚሁ ልማድ ቅጥያ ነው።

ጭኮ በሶው በተነጠረና በተቀመመ ቅቤ ሲታሽ የሚገኝ ነው። በክብደት ሲታሰብ ከሁሉ የሚሻል ስንቅ ነው ማለት ይቻላል። ንጹሕ ቅቤ በ100 ግራም ወደ 880 ኪሎ ካሎሪ ሲሰጥ በሶ 350 ያህል ይሰጣል። ሁለት እጅ በሶና አንድ እጅ ቅቤ የሆነ ጭኮ በ100 ግራም ከ500 በላይ ይሆናል። ስለዚህ በበሶ 600 ግራም የሚጠይቀው የአንድ ቀን ምግብ በጭኮ 400 ግራም ይበቃዋል። በአሥር ቀን የሁለት ኪሎ ልዩነት አለው፤ ሁለት ኪሎ ማለት ደግሞ ሁለት ሊትር ውሃ ነው።

ቆሎ ከገብስ፣ ከሽምብራ ወይም ከስንዴ ይቆላል፣ ሱፍ ወይም ኑግ ሲገባበት ቅባት ያገኛል። እየተራመዱ ከኪስ ይበላል፤ የቤተ ክህነት ተማሪ «የቆሎ ተማሪ» የተባለውም በዚሁ ምግብ ነው። ዳቦ ቆሎ ከስንዴ ሊጥ ተድቦልቡሎ፣ ተቆራርጦ በምጣድ ይታመሳል። ድርቆሽ በፀሐይ የደረቀ እንጀራ ነው፤ ውሃና በርበሬ ሲያገኝ ፍርፍር ይሆናል። ቀላልና ለአገሬው አፍ የሚስማማ ሲሆን ጉድለቱ ቦታ መፍጀቱና መድቀቁ ነው።

ቋንጣ ሥጋው በቀጭኑ ተዘልዝሎ፣ በጨውና በበርበሬ ታሽቶ በገመድ ላይ ይደርቃል። በበጋ ለወራት ሊቆይ ይችላል። በክረምት ግን ሳይደርቅ ይሻግታል፤ ደርቆ የተያዘውም እርጥበት ከነካው ይበላሻል። ስለዚህ ቋንጣ ከመስከረም እስከ ግንቦት የሚያገለግል ስንቅ ነው።

ለጣዕምና ለጤና የሚያዙት ጨው፣ በርበሬ፣ ምጥን ሽሮ፣ ማርና ነጭ ሽንኩርት ናቸው። ጨው በቀድሞው ዘመን ድርብ ሥራ ነበረው። አሞሌ ከወጥ ውስጥ የሚገባ ቅመም ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ስለነበር አሞሌ የያዘ ሰው ከመንደር እህል መግዛት ይችላል። ጥይትም እንደዚሁ በገበያ እንደ ገንዘብ የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር፤ ተኩሶ መግደል ብቻ ሳይሆን ሰጥቶ መብላትም ይቻልበታል።

ሊጥ ያለውና ምጣድ የሌለው መንገደኛ ደግሞ ብርኩታ ይጋግራል። ድንጋይ በእሳት ይግላል፣ በሊጥ ይጠቀለላል፣ እንደገና ፍሙ ዳር ይቀመጣል። ከውስጥ ድንጋዩ፣ ከውጭ ፍሙ ያበስለዋል።

መወሰድ የሌለበትም አለ። ጓያ ርካሽ፣ ድርቅን የሚቋቋምና ለመያዝ የማይከብድ ቢሆንም ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል፤ ጉዳቱም አይመለስም። ለጥቂት ቀን ከሌላ እህል ጋር ተቀላቅሎ ቢበላ ይህን ያህል አያሰጋም። ለረጅም የዱር ኑሮ ግን ስልቻን በጓያ መሙላት ሌላውን ችግር በሽባነት መተካት ነው።

መያዣውና ልብሱ

እህል በአቁማዳ፣ ዱቄት በስልቻ፣ ውሃ በቅል ወይም በእርኮት ይያዛል። አቁማዳና ስልቻ ከፍየል ወይም ከበግ ቆዳ ይዘጋጃሉ፣ አፋቸው በጠፍር ይታሰራል። ቆዳ ዝናብን ይመልሳል፣ ሲወድቅ አይሰበርም፣ ባዶ ሲሆን ተጠቅልሎ ይያዛል። የበሰለ ምግብ በአገልግል ይሄዳል፤ አገልግል ግን የግብዣ ዕቃ እንጂ የሽሽት ዕቃ አይደለም። ከወረራው ዘመን ወዲህ ኮዳ የሚባለው የወታደር ብረት ዕቃ ቅሉን ተክቷል፤ በእሳት ላይ ተጥዶ ውሃ ስለሚያፈላ ከቅል ይሻላል።

ጋቢ በአንድ ዕቃ ብዙ ዕቃ ነው። ይለበሳል፣ ይነጠፋል፣ ሕፃን ይታዘልበታል፣ እህል ይቋጠርበታል፣ ቁስለኛ ይጫንበታል፤ ሲሞትም ይገነዝበታል። በመንዝና በመሰሉት ደጋ አገሮች በርኖስና ለዝናብ ደግሞ ከሣር የሚታታው ገሳ ይጨመራሉ። የደጋ ሌሊት ከረሀብ ቀድሞ ይገድላል፤ ምግቡን ቀንሶ ልብሱን መጨመር የሚያዋጣበት ጊዜ ብዙ ነው።

አራዳ በወረራው ዘመን

ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጦሩ ከተሸነፈ በኋላ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን አዲስ አበባን ለቀቁ። የጣሊያን ጦር የገባው ሚያዝያ 27 ቀን ነው። በመካከሉ በነበሩት ቀናት ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች፤ የአራዳ ሱቆች ቀዳሚዎቹ ተጠቂዎች ነበሩ። ቤቱን ጥሎ የወጣ ሰው በእጁ ያገኘውን ይዞ ወጣ። ከጊዮርጊስ ወደ ሰሜን እንጦጦን ሲሻገሩ የሰላሌ መንገድ ይገኛል፤ በዚያው አቅጣጫ ፍቼ ላይ ደጃዝማች አበራ ካሣ ጦራቸውን ይዘው ነበር።

አርበኞቹ አዲስ አበባን መልሰው ለመያዝ ያጠቁት ሐምሌ 21 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው። ጊዜው ጎዳቸው። ወንዞች ሞልተው የተለያዩት ጦሮች ተገናኝተው በአንድ ላይ ሊመቱ አልቻሉም። ከአርበኞቹ ጋር የነበሩት አቡነ ጴጥሮስ በማግሥቱ በጥይት ተገደሉ፤ ሐውልታቸው ከጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ ቆሟል።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ለሦስት ቀን በከተማው ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ ተደረገ። በኢትዮጵያ መንግሥት አኃዝ የሞቱት 30,000 ናቸው። የጊዮርጊስ ካቴድራል በእሳት ተለኮሰ። አደባባዩ ላይ የነበረው የምኒልክ ሐውልት በወራሪው ትእዛዝ ተነሥቶ ተቀበረ። ገበያውም ከአራዳ ወደ አዲስ ከተማ እንዲዛወር ተደረገና የዛሬው መርካቶ ሆነ፤ አራዳ የፒያሳን ስም ይዞ ቀረ። ከጭፍጨፋው ያመለጠ ብዙ ሰው ዱር ገባ። ይህ ሰው እንደ ዓድዋ ዘማች መስከረም ላይ ዐዋጅ ሰምቶ ጥቅምት ላይ የወጣ አልነበረም፤ ስንቅ ለማዘጋጀት የነበረው ጊዜ በሰዓት የሚቆጠር ነው።

የዱር ኑሮ

የአርበኞች ትግል አምስት ዓመት ወሰደ። በሸዋ ከወረራው በፊት የአዲስ አበባ ፖሊስ አዛዥ የነበሩት ራስ አበበ አረጋይ፣ በጎጃም በላይ ዘለቀና ነጋሽ በዛብህ፣ በጎንደር ውብነህ ተሰማ ከታወቁት መሪዎች ናቸው። በአምስት ዓመት ውስጥ 1,800 ቀናት አሉ፤ በስልቻ የሚያዝ ነገር ለዚህ ምንም ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከቤት የተያዘው ስንቅ ሥራው አንድ ነበር፤ ሰውየውን ከሚያሳድደው ወገን አርቆ፣ ወደሚቀበለው ወገን ማድረስ። ከዚያ ወዲያ አርበኛው የኖረው በገበሬው እህል ነው። ገበሬው ለአርበኛ ማብላቱ ከታወቀ መንደሩ ይቃጠላል፣ ከብቱ ይነዳል፤ ካላበላም ደጁ ላይ የቆመው የታጠቀ ወገኑ ነው። በአርበኝነት ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚጎላው ተኩሱ ነው። ዓመት ከዓመት አምስት ክረምት ያሻገረው ግን ይህ ስሙ ያልተጻፈ ገበሬ ነው።

ሁለተኛው ምንጭ ከተማው ነበር። «የውስጥ አርበኞች» የሚባሉት በጠላት መሃል እየኖሩ መረጃ፣ ጥይት፣ ልብስና መድኃኒት ወደ ዱር የሚያሾልኩ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዷ ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ናቸው። ንብረታቸውን ለዚሁ ሥራ አውለዋል፤ ተይዘው ተሠቃይተዋል፣ ጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት ታስረዋል፤ ከተመለሱም በኋላ ሥራቸውን ቀጥለዋል። ገበሬው ሊሰጥ የማይችለውን የሚሰጠው ከተማው ነበር፤ ፋሻ፣ ኪኒን፣ ክብሪት፣ ጫማ። ሦስተኛው ምንጭ የጠላት መጋዘንና መኪና ነው፤ ይህ ግን በሞት የሚገዛ ስንቅ ነው።

ዱሩ ራሱ የሚሰጠው ነገር አለ፤ ብዙ ግን አይደለም። ሾላ፣ እንኮይ፣ አጋም፣ ቀጋ፣ ኮሽም፣ ዶቅማ በየወቅታቸው ይለቀማሉ። ሳማ ተቀቅሎ ይበላል፤ መቀቀሉ መለብለቡን ያጠፋዋል። ፍራፍሬው ሆድ ያታልላል እንጂ ጭነት የሚሸከም ሰው አያቆምም። በዱር ቅጠልና ፍሬ ብቻ ለወራት ኖርኩ የሚል ሰው ቢኖር ከጀርባው እህል የሚሰጠው ሰው አለ ብሎ መጠርጠር ይገባል። የራስ እምሩና የጥቁር አንበሳ ጦር በደቡብ ምዕራብ አገር ሲያፈገፍግ፣ ከመንደሩ ሰው ጋር መስማማት አለመቻሉ ከጥይት ማነሱ እኩል ጎድቶታል፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ጎጀብ ወንዝ አጠገብ እጅ ለመስጠት ተገደደ።

የዘረት ዋሻ

ስንቅ ክብደት ስላለው የያዘውን ሰው ያዘገያል። ይህን በመራራ መንገድ የሚያሳየው በሰሜን ሸዋ የሚገኘው የዘረት ዋሻ፣ በአካባቢው አጠራር አመፀኛ ዋሻ ነው። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. መጀመሪያ ከራስ አበበ አረጋይ ጦር ጋር የሚጓዘው የስንቅና የጓዝ ክፍል በዚህ ዋሻ ተጠለለ። በውስጡ ከታጠቁት ይልቅ ቁስለኞች፣ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን ይበዙ ነበር። የጣሊያን ጦር ዋሻውን ከቦ የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቀመበት፤ እጃቸውን የሰጡትን ወንዶችም ረሸነ። የሞቱት በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዋሻው ለምርምር ሲከፈት የሰው አፅም፣ የእህል ማስቀመጫና የቤት ዕቃ ስብርባሪ ተገኝቶበታል። ተዋጊው ክፍል ቀላል ስለሆነ ማምለጥ ችሏል፤ እህሉንና የማይራመደውን ሰው የያዘው ክፍል አልቻለም።

ውሃና ጤና

ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት፣ ያለ ውሃ ግን ጥቂት ቀናት ብቻ ይቆያል። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በቀን ለአንድ ሰው ሦስት ሊትር ያህል ይያዛል፤ በሶና ቆሎ ደረቅ ስለሆኑ ከዚህ ማሳነስ አይቻልም። ሦስት ሊትር ሦስት ኪሎ ነውና ማንም ከሁለት ቀን በላይ የሚሆን ውሃ አይሸከምም። ስለዚህ መሸከም ያለበት ውሃውን የማጥሪያ ዘዴ ነው።

ቀዳሚው ማፍላት ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ይህ ተሕዋስያንን ለመግደል ይበቃል፤ ሆኖም ከ2,000 ሜትር በላይ ሲሆን ፈልቶ ሦስት ደቂቃ መቆየት እንዳለበት ይመከራል። እሳት ማንደድ የማይቻል ከሆነ ውሃ አጋር ወይም ቢሻንጋሪ የሚባሉት ማከሚያዎች በየማሸጊያቸው ትእዛዝ ይጨመራሉ። መዓዛ ያልተቀላቀለበት 5 በመቶ በረኪናም በአንድ ሊትር ከ2 እስከ 4 ጠብታ ገብቶ 30 ደቂቃ ቢቆይ ያገለግላል። የደፈረሰ ውሃ አስቀድሞ በታጠፈ ነጠላ ይጠለላል፤ ካልተጠለለ ክሎሪኑ ጭቃውን ሲታገል ይጠፋል። በቆላ የተፈጨ የሽፈራው ፍሬ ድፍርሱን ያዘቅጣል፣ ማፍላትን ግን አይተካም።

ደገኛ ሸሽቶ ወደ ቆላ ሲወርድ ዋናው ጠላቱ ወባ፣ በጥንቱ አጠራር ንዳድ ነው። በ1950 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንደገደለ ይገመታል፤ ከተመታውም አብዛኛው በሽታውን ያልለመደ የከፍታ ቦታ ሕዝብ ነበር። አጎበር በስንቅ መካከል ከበሶ ያልተናነሰ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ለተቅማጥ «ለምለም» ይያዛል። ካለቀ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ተበጥብጦ ይጠጣል። ጨውን ማብዛት ሕፃንን ይጎዳል። ኮሶና ዳማ ከሴ በቀድሞው ስንቅ ውስጥ የነበሩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ኮሶ መጠኑ ሲዛባ መርዝነት ስላለው ዛሬ አይመከርም። ሳሙና ሲጠፋ እንዶድ ልብስ ያጥባል።

የዛሬው ቦርሳ

በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና ዶፈን አካባቢ በተደጋጋሚ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በአፋርና በኦሮሚያ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አስወጥቷል፤ ንዝረቱ አዲስ አበባ ፎቆች ላይ ተሰምቷል። ጎርፍ፣ እሳትና ግጭትም በየዓመቱ ሰው ያፈናቅላሉ። በጊዮርጊስ ዙሪያ ያለው ሠፈር በ2016 ዓ.ም. የዓድዋ ድል መታሰቢያ ከተመረቀና የመንገድ ዳር ልማቱ ከተካሄደ ወዲህ መልኩ ተለውጧል፤ አሮጌው የእንጨትና የጭቃ ቤት ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፣ እሳትም ይፈራል።

ለድንገተኛ መውጫ የሚዘጋጅ የጀርባ ቦርሳ ክብደቱ ከተሸካሚው አንድ አምስተኛ ባይበልጥ ይሻላል፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው 12 ኪሎ ነው። ሦስት ሊትር ውሃና የአምስት ቀን ጭኮ ወይም በሶ ከዚህ ውስጥ አምስትና ስድስት ኪሎ ይወስዳሉ። በቀረው ጋቢ፣ የዝናብ ልብስ፣ በፌስታል የታሰረ ክብሪት፣ ሰንጢ፣ ገመድ፣ ውሃ የሚፈላበት ብረት ዕቃ፣ የእጅ ባትሪ፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ ሳሙና፣ ሞዴስ፣ ዘወትር የሚዋጥ መድኃኒትና በዝርዝር ኖት የተያዘ ብር ይገባል። ስልክ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ የባንክ መተግበሪያ ብር አይሰጥም፤ መቶ ብርም መልስ ከሌለ ለአንድ ዳቦ ይከፈላል። መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የልደትና የትምህርት ማስረጃ ውሃ በማያስገባ ላስቲክ ይቀመጣሉ። ከዓመታት በኋላ ቤቱን ወይም ትምህርቱን ማስመለስ የሚቻለው ብዙ ጊዜ በእነዚህ ወረቀቶች ብቻ ስለሆነ ከበሶው ቀድመው ቢገቡ የሚያስኬድ ነው።

ቤተሰብ ሲሆን ጭነቱ ይከፋፈላል። ውሃና ምግብ በአንድ ሰው ጀርባ ላይ ብቻ ከሆነ ያ ሰው ሲለይ ሁሉም ይራባል፤ ስለዚህ ሕፃኑም ሳይቀር በኪሱ ቆሎና የወላጆቹ ስምና ስልክ የተጻፈበት ወረቀት ይይዛል። ቢለያዩ የሚገናኙበት ቦታ አስቀድሞ ይቆረጣል። በአዲስ አበባ የእሳትና የድንገተኛ አደጋ ጥሪ 939 ነው።

በሶና ጭኮ በየስድስት ወሩ ቢለወጡ ጥሩ ነው። የጾም ወራት ሲገባ ጭኮው ወጥቶ በበሶና በተልባ ይተካል፤ የወጣው ደግሞ ከጾሙ በፊት ባሉት ቀናት ይበላል። ውሃው በየሦስት ወሩ ይቀየራል፣ የባትሪ ድንጋዮች ከሬዲዮው ወጥተው ለብቻ ይታሰራሉ፤ ውስጡ ከቆዩ ያነባሉና።